ጎርጎራ ስትሄዱ የማርያም ግምብን ፍርስራሽ እንዴት ታነቡታላችሁ

ጎርጎራ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣናን አይቶ አሳ በልቶ ነው የሚመለሰው፣ አሁን ደግሞ ሪዞርቱ ከተሰራ ወዲህ ስሟ በደንብ ወጥቷል፣ ግን ከዛች ትንሽ መንደር ወደ ምዕራብ የሀይቁን ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ ማርያም ግምብ የሚባል ፍርስራሽ አለ። እሱን ሳያዩ መመለስ፣ ወይም አይቶ ምን እንዳዩ ሳያውቁ መመለስ በጣም ያሳዝነኛል። እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው፣ መጀመሪያ የሄድኩት ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ነበር፣ ያስጎበኘን ልጅ "ይሄ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግስት ነው" አለን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ያ የቆምንበት ቦታ ቤተክርስቲያን፣ ያውም የካቶሊክ ቤተክርስቲያን እንደነበር ያወቅኩት ከስንት አመት በኋላ ነው፣ ያኔ እንደገና ሄድኩ፣ ድንጋዩ ያው ነው ግን ሌላ ቦታ የሄድኩ ነው የመሰለኝ። ይሄን የምፅፈው እናንተ በመጀመሪያው ጉዟችሁ እኔ በሁለተኛው ያየሁትን እንድታዩ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን በቅደም ተከተል ያዙ፣ ብዙ አይደለም፣ ዋናው ክፍል ከሀያ ሰላሳ አመት አይበልጥም። አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፋቸው ምክንያቱም የዘመኑ የሚሲዮኖቹ ደብዳቤዎች በሙሉ በሱ ናቸው፣ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ትጠፋላችሁ። ጀስዊቶች ማለትም የኢየሱስ ማህበር የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት መጀመሪያ የመጡት በ1557 ነው፣ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና በሚሏት ቦታ ተቀምጠው ለአርባ ምናምን አመት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልሰሩም። ነገሩ የተቀየረው በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ሲገባ ነው። እሱ ከዛ በፊት ወደዚህ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት አመት ገደማ በምርኮ የቆየ ሰው ነው፣ ትእግስቱን እዛ ነው የተማረው ብዬ አስባለሁ፣ እዚህ ከገባ በኋላ አማርኛና ግእዝ ተማረ፣ ከነገስታቱ ጋር ተግባባ፣ በተለይ ከሱስንዮስ ጋር። የንጉሱ ወንድም ራስ ስእለ ክርስቶስ ቀድሞ ካቶሊክ ሆነ፣ ንጉሱ እራሱ በ1622 በይፋ ተቀበለ፣ ፓኤዝም በዛው አመት ጎርጎራ ውስጥ ሞተ። ከሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው፣ በ1626 የካቲት ላይ የሱስንዮስ ከተማ በነበረችው ደንቀዝ ውስጥ ንጉሱና መኳንንቱ ለሮማው ጳጳስ ታማኝነታቸውን በመሀላ ያረጋገጡት በሱ ፊት ነው። ሜንዴዝ የፓኤዝ አይነት ሰው አልነበረም፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር፣ ግርዘት ይቅር፣ ህዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ፣ አገሩ ተነሳ። በ1632 አምፆ ከተነሳው ከላስታው መልክዐ ክርስቶስ ጋር በተደረገው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ሱስንዮስ አሸነፈ ግን ያን ሁሉ የራሱን ህዝብ ሬሳ አይቶ ልቡ ተሰበረ፣ የአባቶቻችሁ ሀይማኖት ተመልሶላችኋል ብሎ አወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ በዛው አመት አረፈ። ፋሲል ሚሲዮኖቹን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና ሰደዳቸው ከዛ ጠቅልሎ አስወጣቸው። በቃ ይሄን ከያዛችሁ ይበቃችኋል፣ ማርያም ግምብ የተጀመረው በሜንዴዝ ጊዜ በ1626 ገደማ ነው፣ ስለዚህ እንደ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን የኖረው አስር አመት እንኳን አይሞላም፣ ይሄን ቁጥር በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ መንገዱ ባጭሩ። ከጎንደር በአዘዞ አድርጋችሁ በቆላድባና በጯሂት ነው የምትሄዱት፣ 60 ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ከባህርዳር ደግሞ በሀይቁ ላይ ነው። የደምቢያ መሬት ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ጫማችሁን ይዞ ያስቀረዋል፣ ክረምቱ እንዳለቀ ደግሞ ሳርና ቁጥቋጦ ፍርስራሹን ሸፍኖት ስለሚቆይ ግድግዳው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ከጥር በኋላ ሲደርቅ ነው ጥሩው። የሀይቁ ዳር ወባ አለበት፣ ካደራችሁ አጎበር ያለበት ቦታ እደሩ። የፀጥታውን ነገር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዛው የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ያለፈው ወር የሄደ ሰው ሰላም ነው ስላላችሁ ብቻ አትነሱ። ከመንደሯ እስከ ግምቡ በእግር ወይ በጀልባ ነው፣ በጀልባ ከሆነ ዋጋውንም የመመለሻ ሰዓቱንም ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል ስለዚህ በጠዋት መውጣት ነው። ከዛ በፊት ግን የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አናግሩ፣ የቅርስ ቦታ ነው እና ዝም ብሎ መግባት ለእናንተም ለሰፈሩ ሰውም ጥሩ አይደለም።

አሁን ዋናው ምክሬ፣ እባካችሁ ቀጥታ ወደ ማርያም ግምብ አትሂዱ። መጀመሪያ እዛው ጎርጎራ ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን ሳሙ፣ ቆይታችሁ እዩዋት። ደብረ ሲና የኦርቶዶክስ ናት፣ ከካቶሊኮቹም በፊት የነበረች ናት፣ ክብ ናት፣ የመቅደሷ ግድግዳ በስእል የተሞላ ነው፣ ስእሉን ያሰራችው የፋሲል እህት መላኮታዊት ናት ይባላል። እዛ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ በደንብ አስተውሉ፣ የናንተ አይን እስከ የት ነው የሚደርሰው? ከውጭ ቅኔ ማህሌት አለ፣ ቀጥሎ ቅድስት አለ፣ መሀል ላይ መቅደሱ አለ፣ መቅደሱ ግድግዳ አለው፣ በር አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ታቦቱን ከቀሳውስት በቀር ማንም አያየውም። ቅድስናው በመሸፈኑ ነው የሚታወቀው። ክብ ስለሆነ ደግሞ ምእመኑ ዙሪያውን ይከባል፣ ማንም ከማንም ፊት ለፊት አይሆንም፣ ሁሉም ግን የተሸፈነውን ነገር ከቦ ነው የሚቆመው። ይሄ እኛ እንደ እስትንፋስ የለመድነው ነገር ስለሆነ አርክቴክቸር ነው ብለን አናስበውም፣ ግን ነው፣ እና ሌላውን ለማየት መጀመሪያ የራሳችንን ማየት አለብን።

ከዛ ማርያም ግምብ ሂዱና በሩ በነበረበት ቦታ ቁሙ። ከፊት ለፊታችሁ ረጅም አራት ማእዘን ነው ያለው። ዙሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ሰው አንድ አቅጣጫ ነው የሚያየው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የቅዳሴው ጠረጴዛ የሚቆምበት መቅደስ አለ፣ በአንድ ትልቅ ቅስት ስር፣ ክፍት ሆኖ፣ ቄሱ የሚያደርገውን ሁሉ ህዝቡ እንዲያይ ተደርጎ። ይሄ አይነት አሰራር የጀስዊቶቹ መለያ ነው፣ እናት ቤተክርስቲያናቸው ሮም ያለው ጄሱ የሚባለው ነው፣ በ1568 ተጀምሮ በ1584 የተባረከ፣ መሀሉ ሰፊ አንድ አዳራሽ ነው፣ ምሶሶ እይታ አይከልልም፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትናንሽ ፀሎት ቤቶች አሉት፣ ሰው ስብከት እንዲሰማና መሰዊያውን እንዲያይ ታስቦ የተሰራ ነው። ከዛ ሀሳቡ በመርከብ ወደ ህንድ ወደ ጎዋና ወደ ዲዩ ሄደ፣ ከህንድ ደግሞ በቀይ ባህር በኩል ጣና ዳር ደረሰ። እና እዛ በር ላይ ቆማችሁ ደብረ ሲናን አስታውሱ፣ ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት በትንሽ ኪሎሜትር ነው፣ ግን አንዱ ቅዱሱን ነገር ይሸፍናል አንዱ ይገልጣል። የዛን ዘመን የደምቢያ ገበሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ መሰዊያው እንዲህ ወለል ብሎ ሲታየው ምን እንደተሰማው አስቡት፣ ለኔ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ጭቅጭቅ የክርስቶስ ባህርይ ምናምን ከሚለው የሊቃውንት ክርክር ይልቅ በዚህ በኩል ነው የሚገባኝ፣ ምክንያቱም ክርክሩን ሁሉም ሰው አይከታተልም፣ ቤተክርስቲያን ግን ሁሉም ሰው ይገባል።

ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። የፈረሰ ህንፃ ያልፈረሰው የማያሳያችሁን ነገር ያሳያችኋል፣ ይኸውም ሆዱን። የተሰነጠቀበት ቦታ ፈልጉና ጎኑን እዩ፣ ውጭና ውስጡ በደንብ የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ መሀሉ ግን ድብልቅ ድንጋይ በኖራ ተሞልቶ ነው። ይሄ ኖራ የሚባለው ነገር እራሱ ታሪክ አለው። ፓኤዝ በ1614 እዚሁ ጎርጎራ ለንጉሱ ቤተ መንግስት ሲሰራ ኖራ አልነበረም፣ መዶሻውንና መሮውን እራሱ እያሰራ ሰራተኛ እያሰለጠነ ነው የሰራው፣ ከዛኛው ግንባታ ዛሬ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ1621 አካባቢ ነው ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ቀለል ያለ፣ ነቀዝ የበላው የሚመስል ድንጋይ አይቶ ይሄኮ እኛ አገር ለኖራ የምናቃጥለው ነው ብሎ የለየው፣ ንጉሱ በጣም ነው የተደሰተው፣ ሸለመው። ከዛ በኋላ ነው ግንብ እንደ ልብ የተገነባው፣ የማርያም ግምብም፣ የደንቀዝም፣ ከዛም ሚሲዮኖቹ ከተባረሩ በኋላ የፋሲል ግንብም። ለዚህ ነው "ጎንደርን የሰራው ፖርቹጋል ነው" ሲባል የማልስማማው፣ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁር እነሱ ከሀገር ወጥተዋል፣ ኖራ ማቃጠሉንና ድንጋይ መጥረቡን የለመደው እጅ ግን እዚሁ ነው የቀረው፣ የእኛ ሰዎችና ከህንድ የመጡት ግንበኞች እጅ። ጎርጎራ ላይ ያያችሁትን ግድግዳ በልባችሁ ይዛችሁ ፋሲል ግቢ ስትገቡ ዝምድናውን እራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ኖራው የቀረበትን ቦታ በጥፍር እንዳትፍቁት፣ ቁራሽም እንዳትወስዱ፣ በፎቶ ይበቃል። ስትነሱ ፎቶው ላይ መጠን የሚያሳይ ነገር አድርጉ፣ እስክሪብቶም ቢሆን፣ ሜትር ካላችሁ ሜትር፣ ካለዛ በኋላ ስታዩት ድንጋዩ የጭንቅላት ያክል ይሁን የሰው ቁመት ማወቅ አትችሉም። በጠዋትና ወደ ማታ ፀሀይ ዘንበል ስትል የቅርፃቅርፁ ጥላ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው። ፈልጉት የምላችሁ ቅርፅ ይሄ ነው፣ ከግድግዳው ግማሹ ብቻ ወጥቶ የተጣበቀ የሚመስል አምድ፣ ከላይ እስከ ታች የተቦረቦረ መስመር ያለው፣ አናቱ ላይ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት የሚዞር ጌጥ ያለበት፣ እና በየሳጥኑ የተቀረፀ አበባ። አበባውን ስታገኙ አትቸኩሉ። የቀረፁት ሰዎች ስማቸው አልተፃፈም፣ ፓትርያርኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ አበባውን የጠረበው ልጅ ግን የደምቢያ ይሁን የህንዱ ጉጃራት ድንጋዩን አይቶ ማን ይለያል። ከጣሊያን ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ላይ አሁን ከምታዩት በጣም ብዙ ነገር ቆሞ ይታያል፣ ከቻላችሁ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑትና እዛው ቆማችሁ አስተያዩት፣ የቱ ቅስት የት እንደነበረ ያኔ ይገባችኋል፣ ያናድዳልም፣ ምክንያቱም የወደቀው አብዛኛው በአያቶቻችንና በወላጆቻችን እድሜ ነው የወደቀው።

ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ ካለ መቅደሱ ወዴት እንደሚያይ ለኩና ፃፉ፣ ርዝመትና ስፋቱንም በእርምጃችሁ ለኩ፣ አንድ ወረቀት ላይ ንድፍ አውጡ። ንድፍ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፣ እኔ ሳር የሸፈነው ሁለተኛ ግድግዳ እንዳለ ያወቅኩት በእርምጃ ስለካ መስመሩ አልገጥም ብሎኝ ነው፣ በአይን ብቻ ሶስት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ቤተክርስቲያኑን ስትጨርሱ አትመለሱ፣ አጠገቡ ያለውን እዩ። መነኮሳቱ የሚኖሩበት ግቢ ነበረ፣ ክፍሎቹ በመሀል ባለ አደባባይ ዙሪያ፣ ከዛ ውጪ ደግሞ ወፍራም አጥርና ማማ። እዚህ ጋር ቆም ብላችሁ እንደ ጎረቤት አስቡ። እናንተ የጭቃ ቤት ውስጥ ትኖራላችሁ፣ ንጉሱ ያመጣቸው እንግዶች ግን በኖራ የተገነባ፣ ማማ ያለው፣ በር የሚዘጋ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሚሲዮኖቹ ለራሳችን መጠበቂያ ነው ሊሉ ይችላሉ፣ ከዛ በፊት በ1617 የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ሳይቀሩ ጦር ሜዳ ላይ የተገደሉበት ዘመን ስለሆነ ፍርሀታቸው ይገባኛል፣ ህዝቡ ግን ምሽግ ነው ያለው፣ ጦር ከባህር ማዶ ሊያመጡብን ነው ብሎ ጠረጠረ፣ ሚሲዮኖቹ ሲባረሩም ይሄ ጥርጣሬ ትልቅ ምክንያት ነበር። ለኔ አጥሩ ከመቅደሱ እኩል ነው የሚናገረው።

የእንጨት አጥር ያለው የገበሬ ማሳ አቋርጣችሁ የምትገቡ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ሽማግሌ ካገኛችሁ ደግሞ ሰላም በሉና ቁጭ በሉ፣ አትቸኩሉ። "አባባ ይሄ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ "ይሄ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ነው አይደል?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ መልሱን አፋቸው ውስጥ ከከተታችሁት የሚያውቁትን አይነግሯችሁም። እኔን ያናገሩኝ አንድ አባት ግምቡን የሱስንዮስ ነው ነው ያሉት፣ ስለ ሀይማኖቱ ጉዳይ ስጠይቃቸው ዝም አሉ፣ ትንሽ ቆይተው "እሱስ መጨረሻ ላይ መልሷል" አሉኝ። አራት መቶ አመት ሊሞላው ነው፣ እሳቸው ግን ልክ የጎረቤት ሰው ጥፋት እንደሚሸፍን ሰው ነው የተናገሩት። ይሄን አይነት ነገር መፅሀፍ ውስጥ አታገኙም። ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ እነዚህን የጀስዊት ቦታዎች ቆፍረው አጥንተዋል፣ ግድግዳውን ከኔም ከእናንተም በላይ ያውቁታል፣ የሽማግሌዎቹን ወሬ መያዝ ግን የኛ የቋንቋው ተናጋሪዎች ስራ ነው፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱት።

አንዳንድ ሰው ኦርቶዶክስ ሆኜ የካቶሊክ ፍርስራሽ ምን ያደርግልኛል ይለኛል። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እና ግምቡን ማየቴ ከእምነቴ አልቀነሰብኝም፣ እንዲያውም ደብረ ሲና ውስጥ መጋረጃው ፊት ስቆም አሁን ምን ፊት እንደቆምኩ የበለጠ አውቃለሁ። የኛን ካቶሊክ ወንድሞችም በዚህ በሜንዴዝ ብቻ አትለኩ። ከሁለት መቶ አመት በኋላ በ1839 የመጣው ጣሊያናዊው ሚሲዮን ዩስቲኖስ ደ ያኮቢስ ሌላ መንገድ ነው የያዘው፣ የላቲኑን ስርአት በግድ አልጫነም፣ ቅዳሴው በግእዝ፣ አለባበሱም አኗኗሩም እንደ አገሩ መነኩሴ ነበር፣ ከሱ ጋር ካቶሊክ የሆነው የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር እየተንገላታ ሞተ፣ ትግራይ ውስጥ ኢሮብ አሊቴና ላይ ያለው የካቶሊክ ማህበረሰብ ከዛ ዘመን የተነሳ ነው። ዛሬ ያለችው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን በግእዝ ስርአት ትቀድሳለች፣ ገብታችሁ ብታዩ ከማርያም ግምብ አዳራሽ ይልቅ ለደብረ ሲና የሚቀርብ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ስትመለሱ አዘዞ ላይ ውረዱ። ገነተ ኢየሱስ እዛ ነው፣ ሱስንዮስ ከፓኤዝ ሞት ጥቂት ቀደም ብሎ ለሚሲዮኖቹ ያሰራው፣ ገነት የተባለውም የአትክልት ቦታና የውሀ ገንዳ ስለነበረው ነው። ንጉሱ እራሱ የተቀበረው እዚሁ ነው። ቦታው አሁን የኦርቶዶክስ ደብር ስለሆነ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ካህናቱን አስፈቅዱና የድሮው ግንብ የት ጋር እንደሆነ ጠይቁ፣ ገንዳውን ደግሞ ልጆች ጠይቁ፣ ልጆቹ ይወስዷችኋል።